62 ከመቶ ማለፊያ ነው ወይ?

ከመካከላችን ሁለቱ አጋሮ ተወልደው ጅማ የተማሩ ናቸው። ይህን ጽሑፍ የምንጀምረው በእነሱ አብሮ አደግ ነው። ስሙን አንጠራም፤ እሱም እንዳንጠራው ነግሮናል። ትምህርት ቤት ሳለ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሜዳውን አንዴ ዞሮ ሁለተኛው ዙር ላይ ቁጭ የሚል ልጅ ነበር። አስተማሪው "ሰነፍ" አለው፤ እኛም ተቀብለን አራገብነው። ቡና ለቀማ ላይም ቅርጫቱን ሳይሞላ ጥላ ሥር የሚገኘው እሱ ነበር። ከዓመታት በኋላ ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፤ ትራስ መደረብ አመጣ፣ መጨረሻ ላይ ተቀምጦ ማደር። ያኔ ጅማ ወሰዱት። ደረቱ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ቀብተው፣ በእጅ የሚያዝ ነገር እያንሸራተቱ የገዛ ልቡን በስክሪን አሳዩትና አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡት። ወረቀቱን እየተቀባበልን ስናነብ አብዛኛው ቃል አልገባንም። አንድ ቁጥር ግን ገባን፤ 62 ከመቶ። "ኧረ ይሄማ ማለፊያ ነው!" ብለን ሳቅን። እሱም ሳቀ።

ማለፊያ አልነበረም። ለምን እንዳልነበረ ለመረዳት ብዙ ነገር ማገላበጥ ነበረብን። ስናገላብጥ ደግሞ ያ ደረቱ ላይ የተንሸራተተው መሣሪያ መጀመሪያ ሲሠራ የታሰበው በትክክል ለጓደኛችን ዓይነት ልብ መሆኑን ደረስንበት። ነገሩ አስገረመን፣ ትንሽም አናደደን። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የልብ ነገር ከጥንት ጀምሮ አስቸጋሪ የሆነው ከጎድን አጥንት ጀርባ ተደብቆ ስለሚሠራ ነው። የተሰበረ እጅ ይታያል፣ የታመመ ዓይን ይቀላል፤ ልብን ግን እየሠራ ሳለ ያየው ሰው አልነበረም። ከቆመ በኋላ ማየቱ ደግሞ ለባለቤቱ አይጠቅምም። ስለዚህ የልብ ሕክምና ታሪክ በአብዛኛው ሰውን ሳይከፍቱ ውስጡን የማወቅ ታሪክ ነው። በ1816 ፓሪስ ላይ ሬኔ ላዬኔክ የተባለ ሐኪም ጆሮውን አንዲት ወጣት ሴት ደረት ላይ ማሳረፍ አሳፍሮት ወረቀት ጠቅልሎ በዚያ አዳመጠ። የሐኪም ማዳመጫ የተወለደው ከይሉኝታ ነው ማለት ነው (ይሉኝታ ለአንዴም ቢሆን ጠቀመ)። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሆላንዳዊው ቪለም አይንትሆቨን የልብን ኤሌክትሪክ መሳል ቻለ፤ ዛሬ ኢ.ሲ.ጂ. የምንለው ነው። መሣሪያው 270 ኪሎ ገደማ ይመዝን፣ አምስት ሰው ይፈልግ ነበር። ሕመምተኛው እጅና እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ ይቀመጣል። ያን ግዙፍ ነገር ወደ ሆስፒታል መውሰድ ስለማይቻል አይንትሆቨን በ1905 የሕመምተኛውን የልብ ምልክት 1.5 ኪሎ ሜትር በሚርቅ የስልክ ሽቦ ወደ ቤተ ሙከራው አስመጣው። ይህችን ነገር ልብ በሉልን። መሣሪያው ወደ ሰው ይሂድ ወይስ ሰው ወደ መሣሪያው ይምጣ የሚለው ጥያቄ ያኔም ነበረ። ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

በ1929 ደግሞ ቬርነር ፎርስማን የሚባል ወጣት ጀርመናዊ ሐኪም ቀጭን ቱቦ በክንዱ ደም ሥር አስገብቶ እስከ ልቡ ድረስ ገፋውና፣ ቱቦው እንደተሰካ በእግሩ ሄዶ ራጅ ተነሣ። ዕብድ አሉት፤ በ1956 የኖቤል ሽልማት ሰጡት። ከእሱ በኋላ የልብን ግፊት ከውስጥ መለካት ተቻለ። ግን መርፌ ነው፣ ቱቦ ነው፣ አደጋም አለው። ለመላው ዓለም ሕመምተኛ በየወሩ የሚደረግ ነገር አይደለም።

ሉንድ በደቡብ ስዊድን ያለች የዩኒቨርሲቲ ከተማ ናት። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያ የልብ ሐኪም የነበረው ኢንገ ኤድለር አንድ የሚያስጨንቀው ነገር ነበር። ቀዶ ሐኪሞች ማይትራል የሚባለውን የልብ በር፣ ማለትም በግራ በኩል ባሉት የላይኛውና የታችኛው ክፍሎች መካከል ያለውን፣ ሲጠብ ማስፋት ከጀመሩ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነው። ልብን አይከፍቱም፤ ጣታቸውን አስገብተው የተጣበቀውን በር ያላቅቃሉ። ችግሩ በሩ ጠብቦ ነው ወይስ ላልቶ ደሙን ወደ ኋላ እያፈሰሰ ነው የሚለው ነበር። የጠበበውን ማስፋት ያድናል፤ የሚያፈሰውን ማስፋት ይገድላል። ማዳመጫውም፣ ኢ.ሲ.ጂ.ውም፣ ራጁም ሁልጊዜ በእርግጠኝነት አይነግሩም። ኤድለር እርግጡን ፈለገ።

መልሱ የመጣው ከመርከብ ግቢ ነው። ኤድለር በ1953 ከፊዚክስ ባለሙያው ካርል ሄልሙት ኸርትዝ ጋር ተገናኘ። ኸርትዝ ማልሞ ከተማ ኮኩምስ የተባለው የመርከብ ፋብሪካ በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ የሚፈልግበት የድምፅ ሞገድ መሣሪያ እንዳለው ያውቅ ነበር። ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ብረቱ ውስጥ ይላካል፤ ስንጥቅ ካለ ይመለሳል። ኸርትዝ መሣሪያውን ሄዶ የራሱ ደረት ላይ ሞከረው፤ የሚንቀሳቀስ ምልክት አየ። ከዚያ ከሲመንስ ኩባንያ የተሻለ መሣሪያ ተዋሱ (አባቱ ጉስታቭ ኸርትዝ የኖቤል ተሸላሚና ቀድሞ የሲመንስ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ነበሩ፤ ዘመድ ያለው እዚያም ይቀናዋል)። ጥቅምት 29 ቀን 1953 የሚንቀሳቀስ ልብ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ማሚቶ ተቀረጸ። ምስል ብላችሁ አታስቡት፤ ወረቀት ላይ የሚወዛወዝ መስመር ነው። መጀመሪያ ላይ ኤድለር ያ የሚዘልለው መስመር የልብ ግድግዳ መስሎት ነበር። ቆይቶ ከሞቱ ሕሙማን ልብ ጋር እያስተያየ የማይትራል በር አንደኛው ቅጠል መሆኑን አረጋገጠ። በሩ ሲጠብ ያ ቅጠል ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ ደህና ሲሆን ፈጠን ይላል። ሐኪሙ ያንን ተዳፋት በማየት ብቻ መለየት ጀመረ።

እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፤ የእነዚያ ስዊድናውያን የልብ በር ለምን ጠበበ? እንደ ጓደኛችን ሩማቲክ ስለያዛቸው ነዋ! ያኔ ስዊድንም፣ እንግሊዝም፣ አሜሪካም ይህ በሽታ ነበረባቸው። የሚጀምረው ከጉሮሮ ነው። ስትሬፕቶኮከስ የሚባል ባክቴሪያ የልጁን ጉሮሮ ያሳምመዋል፤ ሰውነት ይዋጋዋል፤ ከዚያ አንዳንዱ ልጅ ላይ ሰውነት ጠላቱንና ወገኑን መለየት ያቅተውና የራሱን መገጣጠሚያና ልብ ይወጋል። መገጣጠሚያን ልሶ ያልፋል ልብን ግን ይነክሳል የሚል የሐኪሞች የቆየ አባባል አለ። ጉሮሮው በታመመ ቁጥር ንክሻው ይደገማል፤ የበሮቹ ቅጠሎች ይወፍራሉ፣ ይጣበቃሉ፣ ይኮማተራሉ። ብዙ ሰው በአንድ ክፍል በሚያድርበት ቤት ባክቴሪያው ከልጅ ወደ ልጅ መተላለፍ ይቀለዋል።

እኛ አገር የጉሮሮ ሕመም "ቶንሲል" ነው። የቶንሲል መድኃኒት ደግሞ ለስንቱ ልጅ ምላጭ ነበር! እንጥል ማስቆረጥ እንደ ጎጂ ልማድ ሲወገዝ አድገናል፤ የጓደኛችን እንጥል ግን በልጅነቱ ተቆርጧል። እናቱ ይህን ሲነግሩን ደህና ነገር እንዳደረጉ ነው የነገሩን፤ ምክንያቱም ሁሉም ያደርገው ነበር። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። የሚነካው ፔኒሲሊን ነው። ይህም ከታወቀ ቆይቷል፤ በ1950 አሜሪካ ዋዮሚንግ ውስጥ ፎርት ዋረን በተባለ የጦር ሠፈር ጉሮሯቸውን የታመሙ ወታደሮች ፔኒሲሊን ሲወጉ ሩማቲክ ትኩሳት እንደማይከተላቸው ታየ። ማለትም ኤድለር መሣሪያውን ሳይዋስ በፊት በሽታውን የሚከለክለው መርፌ ነበረ።

ስዊድን ቤቷንም አሰፋች፣ ልጆቿንም አከመች፣ በሽታውም ከአገሯ ጠፋ ማለት ይቻላል። መሣሪያው ግን አልጠፋም። ሌላ ሥራ አገኘ። የልብ ደም ሥር የተዘጋበትን ጎልማሳ፣ የደከመ ሽማግሌ፣ ማኅፀን ውስጥ ያለ ሕፃን ሁሉ ማየት ጀመረ። መስመሩ ምስል ሆነ፣ ምስሉ ቀለም ገባበት። በ1970ዎቹ ኖርዌይ ትሮንድሃይም ላይ ሊቭ ሃትለ የተባለች ሐኪምና ባልደረቦቿ የደሙን ፍጥነት በማሚቶ ለክተው በጠበበው በር በሁለቱ ወገን ያለውን የግፊት ልዩነት ማስላት ቻሉ። ፍጥነቱን በራሱ አባዝቶ በአራት ማብዛት ነው፤ የሰባተኛ ክፍል ሒሳብ። የፎርስማን ቱቦ የሚያደርገውን ሥራ ትልቁን ድርሻ ያለ ቱቦ ማድረግ ተቻለ ማለት ነው።

ወደ 62ታችን እንመለስ። ይህ ቁጥር ኢጀክሽን ፍራክሽን ይባላል። የቡና አገር ሰዎች ስለሆንን በጀበና እናስረዳ። የግራው የታችኛው የልብ ክፍል ሲሞላ 120 ሚሊ ሊትር ያህል ደም ይይዛል እንበል። ሲጨመቅ 70ውን ይቀዳል፤ 50ው እንደ አተላ ውስጥ ይቀራል። 70 ለ120 ሲካፈል 58 ከመቶ ነው። ጤነኛ ልብ ሁሉንም አይቀዳም፤ ስለዚህ መቶ ከመቶ የሚባል ነገር የለም። ከ55 በላይ ሲሆን ጡንቻው በአጠቃላይ ደህና ነው ይባላል፤ ከ40 ሲወርድ የጡንቻው ጉልበት መዳከሙን ያሳያል። ጀበናው ክብ ስላልሆነ የሚይዘውን ለማስላት ምስሉን እንደ ዳቦ በስሱ እየቆራረጡ የየቁራጩን መጠን ይደምሩታል። ሒሳቡ የተሰየመው በቶማስ ሲምፕሰን ነው። የ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ነው፤ የሸማኔ ልጅ፣ ራሱም ሸማኔ፣ ሒሳብን በራሱ የተማረ። (ሸማኔን ለሚንቅ ዘመድ ሁሉ ይነገርልን።)

ችግሩ 62ቱ የሚናገረው ስለ ጀበናው ሆድ ብቻ መሆኑ ነው። የጓደኛችን ጀበና ሆዱ ደህና ነው፤ የጠበበው ቡናና ውሃ የሚገባበት አፉ ነው። ማይትራል በሩ ስለጠበበ ደሙ ከበሩ በላይ ይጠራቀማል፣ ወደ ሳንባው ይመለሳል፤ ሌሊት እንደ ሰመጠ ሰው የሚያስቀምጠውም ይኸው ነው። ጡንቻው ግን የደረሰውን ጥቂት ደም በደንብ ይጨምቃል፤ ውጤቱም 62። በሩ የሚያፈስስ ከሆነ ደግሞ ይባስ ያሳስታል። ጡንቻው ከፊሉን ወደ ፊት፣ ከፊሉን በቀላሉ ወደ ኋላ ስለሚረጭ ሥራው የሰመረ ይመስላል። ለዚህም ነው በሩ ክፉኛ በሚያፈስበት ሰው ላይ ቁጥሩ 60 ደርሶ ሲወርድ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምና የሚያስቡት፤ ለሌላው ጤናማ የሆነው ቁጥር ለእሱ የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። እኛ እንደ ማትሪክ ውጤት ያነበብነው ወረቀት ላይ ዋናው ዜና ከቁጥሩ ሁለት መስመር ዝቅ ብሎ የበሩ ስፋት የተጻፈበት ነበር።

አሁን ጅማ እንግባ። ጅማ ሰው ሁሉ የሚመጣባት ከተማ ናት። በአባ ጅፋር ዘመን የሂርማታ ገበያ ከሩቅ አገር ነጋዴ ይስብ ነበር፤ ቡናውም፣ ማሩም፣ ያሳዝናል፣ ባሪያውም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጣልያኖች ለወታደሮቻቸው የሠሩት ሆስፒታል ከነፃነት በኋላ የራስ ደስታ ዳምጠው ስም ተሰጠው፣ በደርግ ጊዜ ጅማ ሆስፒታል ተባለ፣ በኋላም የዩኒቨርሲቲው ሆነ። በ1983 የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተከፈተ፤ በ1999 ከእርሻ ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከጌራ፣ ከበደሌ፣ ከቦንጋ የታመመ ሰው የሚላከው ወደዚያው ነው። እንደ ሂርማታ ገበያ፣ ሆስፒታሉም ሰው ሲመጣ ይቀበላል።

በ2010 የጅማው የልብ ክሊኒክ ሐኪሞች የሕሙማናቸውን ዝርዝር አጥንተው ሲያወጡ ከሦስቱ አንዱ ገደማ ሩማቲክ የልብ ሕመም ነበረው፤ ከሁሉም አንደኛ። ቀጥሎ ከደም ግፊት የመጣው፣ ከዚያ የጡንቻው የራሱ በሽታ። ይህ ግን የመጡት ቁጥር ነው። ያልመጡትስ? ጥላ ሥር ቁጭ ብለው ሰነፍ የተባሉትስ?

ዩኒቨርሲቲው ተማሪዎቹን ከጅምሩ ወደ ኅብረተሰቡ የሚልክ ትምህርት ቤት በመሆኑ ይታወቃል፤ ዕጩ ሐኪም ገጠር ሄዶ ቤት ለቤት ቆጠራ ሲያደርግ ማየት ለእኛ ብርቅ አልነበረም። እንደሚመስለን ቀጥሎ የምንነግራችሁ ነገር እዚያ መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 የታተመ አንድ ጥናት የልብ አልትራሳውንዱን ሆስፒታል ማስጠበቁን ትቶ በጅማ አካባቢ ገጠር ያሉ ሰዎችን አየበት። ከ6 እስከ 25 ዓመት የሆናቸው 987 ልጆችና ወጣቶች ታዩ። 37ቱ ላይ የተረጋገጠ ሩማቲክ የልብ ሕመም፣ 19ኙ ላይ ደግሞ አጠራጣሪ ምልክት ተገኘ። ከሺህ 37.5 ማለት ነው። ከ16 እስከ 20 ዓመት ባሉት ላይ ከሺህ 60 ደረሰ። ቡና ለቃሚ፣ ተማሪ፣ ሙሽራ የሚሆኑበት ዕድሜ ነው!

ከአጥኚዎቹ መካከል ሁለት የታወቁ ስሞች አሉ። አንዱ ግብጻዊ እንግሊዛዊው የልብ ቀዶ ሐኪም ማግዲ ያዕቆብ ናቸው። ሌላው ኤልድሪድ ፓሪ ናቸው፤ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተማሩ፣ ያኔም የኢትዮጵያውያንን የልብ በሽታ ያጠኑ፣ በ2022 ያረፉ እንግሊዛዊ ሐኪም። አስቡት፤ ወጣት ሳሉ ያዩትን በሽታ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ እዚያው አገር አገኙት።

ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ የጅማው የሕፃናት ልብ ሐኪም ፕሮፌሰር አብርሃም ኃይለአምላክ የተሳተፉበት ሌላ ጥናት በልዩ ልዩ የአገሪቱ ክፍሎች ከ3,200 በላይ ተማሪዎችን በትምህርት ቤታቸው አይቶ ከሺህ 19 ገደማ አግኝቷል። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን ተራራቁ? የዕድሜው ልዩነት አለ፣ የቦታውም አለ። እኛ ግን ከዚህ ሌላ አንድ ጥርጣሬ አለን፤ ልቡ የታመመ ልጅ ትምህርት ቤት አይገኝም። አቋርጦ ቤቱ ተቀምጧል።

የታዩት ቢታዩስ ምን ይደረግላቸዋል የሚል አንባቢ አይጠፋም። በሩ ፈጽሞ የተበላሸ ሰው ቀዶ ሕክምና ነው ያለው። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት የልብ መርጃ ማኅበርን የመሠረቱት ልጆች ለዚህ ወደ ውጭ አገር መላክ ስለነበረባቸው ነው፤ በ2009 የልብ ማዕከሉ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ተከፈተ። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለቀሩት ግን፣ ማለትም በሩ ገና ትንሽ ለወፈረ ልጅ፣ ሌላ መንገድ አለ። በሰሜን ኡጋንዳ ጉሉ አካባቢ 818 ልጆች፣ ሁሉም ምንም ሳያማቸው በአልትራሳውንድ ብቻ የተገኙ፣ በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ በየ28 ቀኑ ፔኒሲሊን ተወጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ በሽታው የባሰባቸው ከሚወጉት 0.8 ከመቶ፣ ካልተወጉት 8.2 ከመቶ ሆኑ። ውጤቱ ለኅትመት የበቃው በ2021 መጨረሻ ነው። መድኃኒቱ ያው የፎርት ዋረኑ ነው። አልትራሳውንዱ ደግሞ ዛሬ ከስልክ ጋር የሚገጠም፣ ኪስ የሚገባ ሆኗል፤ የዓለም የልብ ፌዴሬሽን በ2023 መመዘኛውን ሲያድስ በእንዲህ ያለ ትንሽ መሣሪያ መለየት የሚቻልበትን መንገድ አካቷል። የአይንትሆቨን 270 ኪሎ ወዴት ወዴት ሄደ!

ጓደኛችን አለ። ከረጅም ጥበቃ በኋላ በሩ ተሰፍቶለታል፤ አሁን አንድ ትራስ ይበቃዋል። የዛሬ ዓመት ግን ያደረገውን እንንገራችሁ። የ14 ዓመት እህቱን በሚኒባስ ከአጋሮ አምጥቶ አንድ የልብ ምርመራ የሚሰጥበት ቦታ ወሰዳት። መዝጋቢዋ "ምን አመማት?" አለችው።

"ምንም።"

"ታዲያ ለምን አመጣሃት?"

"ሳያማት ልትታይልኝ ነው።"

የታመመ ሰው በተሰለፈበት ጤነኛ ማስመርመር ቅንጦት ነው ተባለ፤ ሁለት ቀን ተመላልሶ በሦስተኛው ቀን ተሳካለት። ልጅቷ ጄሉ ሲነካት ሳቀች። የወጣው ወረቀት 64 ከመቶ ይላል። ይሄን ጊዜ ማናችንም ቁጥሩን አይተን አልሳቅንም፤ ዓይናችን ወደ ታች ወረደ። የማይትራል በሯ አንዱ ቅጠል በትንሹ ወፍሯል፤ ጥቂት ደም ወደ ኋላ ያፈስሳል።

በየ28 ቀኑ ትወጋለች። መርፌው ያማል፤ ሁለት ቀን ታነክሳለች። የሚቀጥለው ቀጠሮዋ ኅዳር 12 ነው፤ ለቀማው የሚደምቅበት፣ ልጅ ሁሉ ጫካ የሚገባበት ሰሞን። ወንድሟ ስልኩ ላይ ማንቂያ ሞልቷል፤ አላመነውም መሰል፣ ለእኛም ሞላልን።